አንዲት ነጥብ

ሥራዬ ፊት መሸፈን ነው።

ከኤምደን ወጣ ብሎ፣ ባሕሩን ከሚገታው ግድብ ሥር፣
ከአሮጌው የነፋስ ወፍጮ ጎን፣ አንድ ምሰሶ ቆሟል ከመንገዱ ዳር፤
ዐይኑን አይጨፍን፣ ጉቦ አይቀምስ፣ ዘመድ ከባዳ ለይቶ አያውቅ፣
የሮጠውን ሁሉ በአንድ ብልጭታ ከአየር ላይ ቀልቦ የሚሰርቅ።
ጧት ጧት ሌሊት የለቀመውን ጠረጴዛዬ ላይ ይዘረግፋል፦
አንዷ ከንፈሯን ትቀባለች፣ አንዱ አፍንጫውን ይጎረጉራል።

የነጂው ፊት ለክሱ ይፈለጋል፤ አጠገቡ የተቀመጠው ግን ምን አጠፋ?
ስለዚህ ፖስታው ሳይታሸግ፣ ይላል ደንቡ፣ የተሳፋሪው መልክ ይጥፋ።
እኔም አንዲት ግራጫ አራት ማዕዘን ጎትቼ ፊቱ ላይ እጥላለሁ፤
ሚስት ትሁን ውሽማ፣ አማት ትሁን ውሻ፣ ሳልጠይቅ አልፋለሁ።

በጥቅምት መጀመሪያ ደረሰኝ የኦኖ ሃርምስ ፎቶ፦
የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሽማግሌ፣ የመርከበኛ ቆቡን ደፍቶ፣
አፉን በሰፊው ከፍቶ።
እያዛጋ ነው፣ አልሁ። በሃምሳው መንገድ ሰባ አራት!
ሦስቷን መሣሪያው ቢሳሳት ብለን እንተዋለን፤ እሷ ናት የሕጉ ምሕረት።
ሰባ አንድ ቀረ።
በሰባ ቢያዝ ኖሮ፣ ጥቂት ዩሮ ከፍሎ ይረሳው ነበረ፤
በአንዲት ኪሎሜትር ትርፍ ግን፣ ፍሌንስቡርግ ባለው መዝገብ
ከመቶ ዐሥራ አምስት ዩሮ ጋር ትጻፍበታለች አንዲት ነጥብ።
«የቸኮለ አፍሶ ይልቀም» ብዬ ከጎኑ ያለችውን ከለልሁ፣
አሸግሁ፣ ላክሁ፣ ወደሚቀጥለው ፊት ዞርሁ።

በሳምንቱ መልስ መጣ፣ በእርሳስ፣ ከደብተር በተገነጠለ ወረቀት፦

«ወይዘሮ ዲርክሰን፣ የነዳሁት እኔ ነኝ፤ ምን ምክንያት ልደርድር፣ ምን ሐሰት?
ስንት እንደምቀጣ ንገሩኝና እከፍላለሁ፤
ግን ከጎኔ ያለውን ግራጫ ነገር አንሡልኝ፣ ይህን እለምናለሁ።
እዚያ የተቀመጠችው ቴዳ ናት።
ያን ሐሙስ ከወደቡ ስንመለስ ነበር፤ በዐሥራ አንደኛው ቀን ቀበርናት።
ካሜራ ስታይ ከበር ኋላ የምትሸሸግ ሴት ነበረች፤
በሠርጋችን ፎቶ እንኳ ከአክስቷ ባርኔጣ ጀርባ ቆማ ቀረች።
ሳታውቅ ያገኛት የእናንተ ምሰሶ ብቻ ነው።»

ደንቡን አገላበጥሁ። ስለ ሙታን አንዳች አይናገርም።
በቢሮአችን ልማድ ደግሞ፣ ቅጣቱን ያልተቃወመ ሰው መዝገቡን አያይም።
«እንግዲያው ይቃወሙ» ብዬ ጻፍሁ።
«ያደረግሁትን አላደረግሁም ልበል? በዚህ ዕድሜዬ?» አለ፤ አፈርሁ።
የሁለት ሳምንቱ ገደብ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ አንዲት መስመር፦
«ፍጥነቱን አልቃወምም። የምቃወመው ግራጫውን ነው።»

ማክሰኞ መጣ። ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ።
ስክሪኑን አዞርሁለት፤ የሸፈንሁትን ገለጥሁ። አልተናገረ።
ቴዳ ምሰሶውን አላየችም፤ አቀርቅራለች፤
ጭኗ ላይ ከዘረጋችው ጋዜጣ ሽሪምፕ ትመርጣለች።
የሚታየው አንድ ጆሮ፣ አንድ ዘለላ ነጭ ፀጉር፤
ግራ እጇ ግን ወደ እሱ ተዘርግታለች፣ በሁለት ጣት መሀል
የተላጠች አንዲት ሽሪምፕ።

«ሲያዛጉ መስሎኝ ነበር» አልሁ።
«እጄ መሪው ላይ ነበረ እኮ። ታጎርሰኝ ነበር» አለ።
«እንዲህ እየጎረሰ ፍጥነት መለኪያውን ማን ያያል?»

ብዙ ቆየ። የጎረቤቴ ስልክ ጮኸ፣ ዝም አለ።
«ቅጣቱስ?»
«መቶ ዐሥራ አምስት፤ የቢሮ ወጪ ሃያ ስምንት ከሃምሳ፤ አንዲት ነጥብ።»
«ነጥቧ ምን ትሆናለች?»
«ሁለት ዓመት ተኩል ስምዎ ሥር ትቀመጣለች። ከዚያ ትሰረዛለች።»
ቆቡን አነሣ። መልሶ አስቀመጠ።
«ማራዘም አይቻልም?»

ማታ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ ከወፍጮው ጎን በአርባ ስምንት አለፍሁ፣
አፌን እንደ ዘጋሁ።
ምሰሶው ምንም አላለኝ።