ጥቁር ቅጂ

እህቴ ኢክራም ማክሰኞ ማታ፣
ፍሬን ሳትነካ፣ የመንገድ ጠርዝ ሳትመታ፣
ሦስቱን ዙር ጨረሰች፤
የነጂብን ሪከርድ በአራት ሰከንድ አፈረሰች።
በጌም ነው እንጂ፣ በእውኑማ
ባጃጅ እንኳ ነድታ አታውቅም በዚህ ከተማ።

የገንደ ቆሬ ልጆች ሳቁ።
«አንተ አይተሃል?» አሉኝ፣ እያወቁ
ፍራሹ ላይ ተኝቼ እንደነበር፣
በድሬ ሙቀት ሰክሬ፣ አፌን ከፍቼ እንደ በር።

«ማስረጃ!» አለ ነጂብ፣ ታይዋን ስልክ የሚፈታው፣
«ማስረጃ የሌለው ሪከርድ የሕልም እራት ነው፤
ሲነቃ ማን አገኘው ሆዱን እንደማታው?»

እኔም ገባሁ ፍለጋ፤
ስክሪን የሚቀዳ፣ የማይጠይቅ ዋጋ፤
ኮምፒውተሩ አሮጌ፣ ራሙ አራት ጊጋ።

የመጀመሪያው ስሙን ጻፈ በስክሪኑ ላይ፣ እንደ ሱቅ ታፔላ፤
መኪናዋ ከፊደሉ ሥር ገብታ ትወጣለች ከኋላ።
«ክፈልና ላጥፋልህ» አለኝ፣ በዶላር።
እኛ ሰፈር የጅቡቲ ፍራንክ እንጂ
ዶላር በዓይኑ ያየ ማን ነበር?

ሁለተኛው አሥር ደቂቃ ይቀዳል፣ ከዚያ ዝም፤
አሥር ደቂቃ የኢክራምን ጣት እንኳ አያሞቅም።
ሦስተኛው ከባድ ነው፣ ጌሙን አንቆ ያዘው፤
መኪናዋ በሽንሌ በኩል እንደሚያዘግም የድሮ ባቡር ተንቀረፈፈች።
«ይሄ ቀጂ ነው ሌባ?» ብላ ጮኸች፤ «ፍጥነቴን ወሰደው!»
አራተኛው ቫይረስ ነበር።
ስለ እሱ ባላወራ ይሻላል።

አምስተኛውን ነጂብ ራሱ በፍላሽ ሰጠኝ።
«ነጻ ነው፤ ግን የሚቀዳውን አንተ ምረጥለት» አለኝ።
ብዙ ሳጥን፣ ብዙ ቁልፍ፤
ያልገባኝን ስነካ፣ የገባኝን ሳልፍ፣
ሐሙስ ዕለት፣ መብራት ከመጥፋቱ በፊት፣
ቀይዋ ነጥብ በራች፤ ኢክራም ተቀመጠች ፊት ለፊት።
ዞረች፣ ደገመች፣ ሠለሰች፤
ከራሷም ሰዓት ላይ ሌላ ሁለት ሰከንድ ቀነሰች።

ስንከፍተው ጥቁር።
ከዳር እስከ ዳር፣
ጨረቃ እንደሌላት ሌሊት የደቻቱ አሸዋ፣ ጥቁር።
ምስል የለም። ድምፁ ብቻ ተርፏል።

ነጂብ ሱቅ ወሰድኩት፣ ሳቃቸውን ልጠጣ ቆርጬ፣
ከተሰነጠቁ ስክሪኖች መሃል ስፒከሩን አስቀምጬ።

ከጥቁሩ ውስጥ ቁልፍ ይንኳኳል፦ ጠቅ። ጠቅ ጠቅ።
ሞተር ያጓራል። የቬንቲሌተራችን ክንፍ ሽቦውን ይፍቃል።
ከደጅ ባጃጅ ያልፋል፤
እናቴ «ጠፍቶ ሳያልቅብን መብራት ቆጥቡ» ትላለች፤
ኢክራም ኩርባው ጋ ስትደርስ ትንፋሿን ትይዛለች።

የሳቀ የለም።
ነጂብ ካቻቢቴውን አስቀመጠ፤
ዓይኑን ጨፍኖ ጠረጴዛውን በጣቱ እየመታ አዳመጠ።
«እዚህ ጋ» አለ፣ «እኔ ፍሬን እይዛለሁ። ስሙ።
አልነካችም።»
ከዚያ «አቦ ድገመው!»
ደገምኩት። የማይታይ ነገር ከበን ቆምን፣ ሰባት ሰው።

«ሰዓቱን ገና አላምንም፤ ኩርባውን ግን አምናለሁ።
ትምጣና እዚህ ትንዳ፤ ቀጂው ይቅር፣ እኔ አያለሁ።»

ማታ ነገርኳት። ፀጉሯን እየጠቀለለች
ትንሽ አሰበች፤
«ሱቁ ውስጥ ቬንቲሌተር አለ?» ብላ ጠየቀች።