ስምንት ክር

ቅዳሜ ማለዳ፣ ደሴ ጉሟን ለብሳ፣
ገና ሳትነሳ፣
የወንድሜን ላፕቶፕ፣ ማጠፊያው የላላ፣ «ኤም» ቁልፉ የወለቀ፣
በሻርፕ ጠቅልዬው እቅፌ ውስጥ ሞቀ።
ሐረጎን ስንወርድ፣ መኪናው ባጋደለ በተጠማዘዘ፣
ልቤ ለሱ እንጂ ለኔ መች ተያዘ!
«አራስ ነሽ እንዴ አንቺ?» ረዳቱ ሲለኝ፣
«ነኝ» አልኩት፤ ሳቀና ሁለት ብር መለሰልኝ።

ኮምቦልቻ፣ ሙቀት። አዳራሹ በር ላይ ያምና ባነር፣ ተገልብጦ፣
«የነፃ ሶፍትዌር ቀን» ይላል በማርከር፣ መስመሩ ቁልቁል ሰምጦ፤
ፀሐይ ሲያርፍበት ከሥሩ ብቅ ይላል የድሮው መልእክት፦
«ግብርን በወቅቱ መክፈል ያኮራል!» አንብበን ሳቅንበት።

ጋሽ ሙሄ፣ የግቢው ጥበቃ፣ ዱላቸውን ተደግፈው፦
«ምን ልትሸጡ ነው?» አሉ።
«አንሸጥም፤ ነፃ ነው።»
«ነፃ?» ዓይናቸውን ጠበብ አርገው፣
«ነፃ ነገርማ ኋላ ነው የሚያስከፍለው።»

ደርበው ከወረኢሉ ያለ ላፕቶፕ መጥቷል፣
አንዲት ፍላሽ ብቻ፣ እንደ ክታብ፣ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል፤
ውስጧ ሦስት ሊኑክስ፣ የአማርኛ ኪቦርድ፣ የሥዕል መሥሪያ፣
ስድስት ሌሊት ሙሉ ከካምፓስ ዋይፋይ የለቀመው ቃርሚያ።

ኢንተርኔቱ የለም።
ሞደሙ ቀይ ነው፣ ብናጠፋው ብናበራው ግድ የለውም።
«እርስ በርስ እንገናኝ» አለች ጦይባ፣ የባቲዋ ልጅ፣
«የሩቁን ካጣን የቅርቡን እንያዝ እንጂ።»
ሁለት ፖርቱ የሞተ ስዊች፣ ጥቅል ገመድ፣ አንድ መቆንጠጫ፣
ላሥራ ዘጠኝ ማሽን፣ በየተራ፣ ያለ ምርጫ።

ልጣጩን ገፈፈች፤
የተገመደውን ፈታች፣ አበጠረች፣ ልክ እንደ ሹሩባ፤
«ድገሚ ከኔ ጋራ» አለችኝ ጦይባ፦

ነጭ በብርቱካን፣ ብርቱካን፣
ነጭ ባረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣
ነጭ በሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣
ነጭ በቡኒ፣ ቡኒ።

እኔን ግን አረንጓዴን ካረንጓዴ ጎን ማስቀመጥ ያምረኛል፤
«ጥንዱን ለያዪው፣ መሃሉ እንግዳ አስገቢ፣ ያኔ ይሠራል።»

የመጀመሪያዬን ቆነጠጥኩ። ሰካሁት። መብራቷ አልበራ።
ቆርጬ ጣልኩ። ሁለተኛውም ያው ሥራ።
በሦስተኛው፣ አውራ ጣቴ ውሃ ቋጥሮ፣
ቲክ። አረንጓዴ። ስዊቹ ጠቀሰኝ፣ እንደ ሰው አፍሮ።

ጥቁሩ መስኮት ላይ «ፒንግ» ብዬ የጦይባን ቁጥር ሳሰፍር፣
ጋሽ ሙሄ ለካ ከኋላዬ ቆመው ኖር፦
«ይሄ ምንድን ነው?»
«አለህ? ብሎ ይጠራል። ካለ፣ አለሁ ይለዋል።»
«ወሬ የለ? ሰላምታ የለ?»
«የለም፣ ጋሽ ሙሄ። እሱ ይበቃዋል።»

ዝም አሉ። እኔም ጣቴ ቁልፉ ላይ፣ ሳልጫነው፣
ያ ዓመት መጣብኝ፤ መስመር የተቆረጠው።
ወንድሜ ሎጊያ፣ እኛ ደሴ፣ መሃላችን ጸጥታ፤
ስንት ቀን ጣራ ላይ ወጣሁ ስልኬን ይዤ፣ ስንት ማታ።
ሲመለስ፣ የመጀመሪያው መልእክት አንዲት ቃል ነበረ፤
«አለሁ» ይላል። ሌላ አልጨመረ።

«እርስዎ ይጫኑት» አልኳቸው። ባመልካች ጣታቸው
ኢንተርን ነኩ፣ የሰው በር እንደሚያንኳኳ ተጠንቅቀው።
አንድ መስመር መጣ። ሁለት። ሦስት። ካንድ ሚሊሰከንድ በታች።
«ወላሂ ፍጥነቷ!» አሉ፤ ከወዲያ ጥግ ጦይባ «አለሁ!» ብላ ጮኸች።

ከሰዓት መብራት ሄደ። ባትሪ ያለው ለሌለው ጥግ ለቀቀ፣
ደርበው ማሽኔ ፊት ቁጢጥ ብሎ ፍላሹን ካንገቱ አወለቀ፤
ሁሉን አደሰልኝ፣ ከወለቀችዋ «ኤም» በቀር፤
ለሷም ሌላ ቁልፍ መደበላት፣ ማንም የማይነካው የጥግ ቁልፍ ነበር።

ማታ ሐረጎን ስንወጣ ጉሙ ወርዶ ተቀበለን።
ኪሴ ውስጥ ያ ያልሠራው የገመድ ጫፍ አለ፣ ለምን እንደያዝኩት እንጃ።
ለወንድሜ ስለ ክሩ፣ ስለ ጋሽ ሙሄ፣ ረጅም ጽፌ አጠፋሁና፣
«አለህ?» አልኩት ብቻ።

ትንሽ ቆየ። «እየጻፈ ነው» አለኝ ስልኩ።
ቆመ። ደግሞ ጻፈ።
ከዚያ መጣ፦
«ላፕቶፔን ምን አደረግሽው?»