የመሃል መስመር

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ችካል ተክዬ ኖርሁ፤
አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በአንዱ አገር ለካሁ።
ኮንትራቱ ሲያልቅ፣ ማሽኑ ሲጫን ወደ ሌላ አገር፣
ለኔ የቀረኝ ነገር፦
አቧራ የጠጣ ጃኬት፣ የተሰበረ ሜትር፣
የምህንድስና ዲግሪዬ፣
እሱም ከሣጥን ሥር።

«ሒሳብ አስተማሪ ጠፍቷል» አለኝ ወንድይፍራው፤
«ሁለት ክረምት ሠልጥን፤ ዲግሪህን ይዘህ ና፣ ሌላውን ለኔ ተው።»

ደብረ ብርሃን፣ ሐምሌ።
ብርዱ ከወለሉ ተነሥቶ በጫማ ሽቅብ ይወጣል፤
ሽበታም ተማሪ ጋቢ ደርቦ ደብተሩን ይገልጣል።
ከጎኔ የተቀመጠችው የከብት ሐኪም ነበረች፤
ከኋላ የባንክ ጥበቃ፣ በፊዚክስ የተመረቀ፣
ካርድ ሲሸጥ የኖረ፣ ባዮሎጂ ያወቀ፤
ሁላችን በጓሮ በር የመጣን፣ ዋናው የተዘጋብን፣
ሠላሳ ዓመት ዘግይተን
እንደ ልጅ እጅ ማውጣት እንደገና የተማርን።

«የትምህርት ዕቅድ» ይላል፦ ዓላማ፣ መግቢያ፣ ማጠቃለያ፣
አምስት ደቂቃ ለጥያቄ፣ ሁለት ደቂቃ ለመለያያ።
ለሙከራ ተራዬ ሲደርስ ቆምሁ ከሰሌዳው ፊት፤
እኩዮቼ ልጅ መስለው ሲንሾካሾኩበት፣
የከብት ሐኪሟ እጇን አውጥታ፦ «ቲቸር፣ ሽንት ቤት!»
ሳቅን። ግን ያን ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣
ከሚስቅብኝ ይልቅ፣ ዝም ብሎ የሚያየኝ ልጅ ነው የታየኝ።

ለልምምድ ደብረ ሲና ደረሰኝ፤ ዘጠነኛ «ሐ»።
ከጣርማ በር የወረደ ጉም በተሰበረው መስኮት ይገባል፤
ባዶ ዴስክ ካገኘ ይቀመጣል።
መምህር አጥናፍሰገድ ከኋላ ሆነው ቅጻቸውን ሞሉ፤
«ድምፅ፦ ደኅና። የሰሌዳ አጻጻፍ፦ ጠማማ» አሉ።
ቀያሽ እኮ ነኝ!
የኔን መስመር ነው ጠማማ ያሉ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ስለ ማዕዘን ሳስረዳ፣
ይርገዱ የምትባል ልጅ ተነሣች ከግድግዳው ጥግ፦
«ይቅርታ መምህር፣ ቤታችን ላይ በቀይ ቀለም የጻፉት እርስዎ አይደሉም?
አባቴ ጠላ ቀድቶልዎ ነበር፤ አልጠጡም።»

ክፍሉ ጸጥ።
አስታወስሁ። ወደ ሮቢት መውረጃ፣ ባሕር ዛፍ ከበስተጀርባ፣
ቁጥር መቶ አርባ፤
ቆርቆሮዋ አዲስ፣ ደጇ ላይ ማሽላ የተሰጣባት፣
ኤክስ አድርጌ ያለፍሁባት።

ቁጣ አልነበረባትም። ጥያቄ ነበር፣ እንደ ማናቸውም፦
«መንገዱ ገና ሳይኖር፣ ቤታችን መንገድ ላይ መሆኑን በምን አወቁ?»
ከኋላ የእስክሪብቶው ድምፅ ቆመ፤ ልጆቹ ጠበቁ።

ዕቅዴን አጠፍሁት። ለዚህ የተመደበ ደቂቃ አልነበረውም።
የመሃል መስመሩን ሣልሁ፤ ግራና ቀኝ አሥራ አምስት ሜትር፤
ከተራራው እስከ ገደሉ ችካሉ ስንት እንደነበር፣
መንገድ ሲታጠፍ ማዕዘኑ እንዴት እንደሚቆጠር፣
ቁጥሩን ሁሉ ሰጠኋት፣ እንደማስታውሰው፤
ያልሰጠኋት መልሱን ብቻ ነው።

ተደወለ። ቅጹ ላይ «ከዕቅድ ወጥቷል» የሚል ሰፈረ።
ከሥሩ፣ በትንሹ፣ ተሠርዞ እንደገና፦ «ይቀጥል»።

ምስክር ወረቀቱ በሐምሌ ይመጣል አሉ፤ ዝርዝሩ ላይ ስሜ በአንድ ፊደል ተሳስቷል፤
ወንድይፍራው በስልክ «አይዞህ፣ ደመወዝ ስም አይመርጥም» ብሏል።

ጠረጴዛዬ ላይ ግን የይርገዱ ደብተር አለ፤
ሁለት ገጽ፣ በእርሳስ፣ አንድ እርምጃ ያልዘለለ፤
መጨረሻው ላይ፣ ሁለቴ ተሰምሮበት፦
«ቤታችን ከመስመሩ በአርባ ሳንቲ ሜትር ውጭ ነው።»

ሦስቴ አሰላሁት። አንዴ በሻማ፣ ሁለቴ በቀን ብርሃን።
ቁጥሩን የሰጠኋት ከትዝታ ነው፤ ትዝታ ይሳሳታል።
ሜትርም ይሳሳታል።
ሰውም፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያይ።

ቀይ እስክሪብቶው በእጄ ነው፤ ክዳኑን አልከፈትሁም።
ነገ ማክሰኞ ነው፤ ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ።
ይርገዱ አትቀርም።