ቁልፍ

ከልደታ ፍርድ ቤት፣ ከአጥሩ ግንብ ሥር፣
ሃያ ሦስት ዓመት በዚች አንድ ወንበር፣
ጃንጥላዬ ጣራ፣ መኪናዬ ጎረቤት፣
እኔ ትብለጥ ነኝ፣ የሰው ብሶት ጸሐፊት።
ስንት ፍቺ መታሁ፣ ስንት የውርስ ጠብ፣
ስንቱ በካርታ መጣ፣ ስንቷ በቀለብ፤
የሰው እንባ በገጽ፣ ሃያ ብር፣ ሠላሳ፣
ሲከፍሉኝ ቆጥሬ፣ ሳይከፍሉኝ ስረሳ።

ዛሬ ማለዳ ላይ አንዲት ልጅ መጣች፣
‹‹ፋንትዬ ነኝ›› ብላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።
ቀሚሷ ላይ ክር አለ፣ ጣቷ ላይ ፕላስተር፣
አፏን የከፈተችው ቆይታ ነበር።

‹‹ጻፊልኝ›› አለችኝ፣ ‹‹ከሜክሲኮ ጀርባ
ሸሚዝ እንሰፋለን፣ አንድ ፎቅ፣ ሴት አርባ።
የማታ ፈረቃ ነን፤ ባለቤቱ ሲሄድ
ከውጭ ይቆልፋል፣ ጨርቅ እንዳይወሰድ።
‹ክፍት ይሁን› አልኩት፣ ‹እሳት ቢነሣሳ?›
ሰኞ ስገባ ስሜ ከመዝገብ ተነሣ።››

ወረቀት አስገባሁ። ካርቦን፣ ሦስት ቅጂ።
ከሳሽ። ተከሳሽ።
‹ጉዳዩ፦› ብዬ መታሁ፤ ከዚያ ጣቴ ደከመ፣
አንድ የማታ ክፍል መጥቶ ፊቴ ቆመ።

አራዳ፣ አንድ አምፖል፣ የማታ ትምህርት፣
ወይዘሪት አልጋነሽ፣ የታሪክ መምህርት፣
ጠመኔ በጣቷ፣ ሹራብ በትከሻ፣
ደወል ቢደወልም የላት መጨረሻ፦
‹‹መጋቢት አሥራ ስድስት፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሦስት፣
በእኛው አቆጣጠር ነው፣ ልብ በሉ እናንት፣
ኒውዮርክ ከተማ፣ ከዘጠነኛ ፎቅ ላይ
ሸሚዝ ሰፊ ልጆች ዘለሉ ከሰማይ።
በሩ ተቆልፎ፣ እንዳይሰርቁ ብለው፤
መቶ አርባ ስድስት ነፍስ፣ ብዙው ሴት ልጅ ነው።
ቀድሞ ባለው ክረምት ሥራ አቁመው ነበር፣
በበረዶ ወጥተው፣ ለደመወዝ፣ ለበር።››
‹‹ጌቶቹስ?›› አልናት። ‹‹ነጻ ወጡ›› አለች።
ሰሌዳውን ጠረገች፤ መስኮቱን አየች።

ሌላ ቀን ደግሞ (እኔ ትየባ ስማር)፦
‹‹ሴት ቢሮ ስትገባ በዚያ በእነሱ አገር
ሴትዮዋን፣ መኪናዋን ለይተው አይጠሩም፣
ሁለቱም አንድ ስም፣ ሁለቱም አይናገሩም።
ለድምፅ ካርዷ ብቻ ሰባ ሁለት ዓመት!
የጠየቀችው ሞታ የልጅ ልጇ መረጠች፣
ጥቁሯ ደግሞ ደጅ ላይ ገና ቆማ ቀረች።››

‹‹እትዬ›› አለች ፋንትዬ፣ ‹‹ችሎቱ እኮ ሊጀመር ነው።››

ዳኛው ቢያነበውስ? ‹ኒውዮርክ ምን አገባኝ?› ይላል፤
እውነቱን ነው፤ አንቀጽ የለውም።
ግን ቋንቋችን ንፉግ ነው፣ ወይ ምሥጢረኛ፣ እንጃለት፤
ለሦስት ነገር አንድ ቃል ሰፍሮ ዝም ብሏል፦
ሸሚዝ ላይ የምትተክለው፣ ክብ፣ ነጭ፣ ቁልፍ።
በር ላይ የተንጠለጠለው፣ ከባድ፣ ብረት፣ ቁልፍ።
ጣቴ ሥር የሚዘል፣ ፊደል የሚተክል፣ ቁልፍ።
የመጀመሪያውን እዚያም እዚህም እሷ ትሰፋለች፤
ሁለተኛው ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ነው፤
ሦስተኛው፣ እነሆ፣
እኔ ዘንድ አለ።

‹ጉዳዩ፦ በር።›
በር ብቻ ብዬ ቀጠልኩ፦ የፎቁን ቁጥር፣ የሴቶቹን ቁጥር፣
የመስኮቱን ፍርግርግ፣ የሰኞዋን ቀን፣
ያልተከፈለ ደመወዝ፣ የአሥራ ዘጠኝ ቀን።
ኒውዮርክን አልጠራሁም።
የመታሁት ግን ጠንከር አድርጌ ነው፣ ሦስተኛው ቅጂ ድረስ እንዲደርስ።

መኪናዬ አርጅታለች። ጎረቤቶቼ ኮምፒውተር ገዝተዋል፣
እኔ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ‹ፍ› እምቢ ብላኛለች፤
‹ፍርድ› የሚለውንም በእጄ ነው የምሞላው።
‹ቁል› ብላ ቆመች።
እስክሪብቶውን ለፋንትዬ ሰጠኋት፣
‹‹ጎዶሎውን ሙዪው፣ ሦስቱም ላይ›› አልኳት።
በዚያ በተጠቀለለ ጣቷ፣ ጎንበስ ብላ፣ ምላሷን ነክሳ ጻፈችው።
ትንሽ ተጣሟል፤
ይነበባል።