ድምፅ ቆጠራ

በቬርሞንት ተራራ፣ በየካቲት ፀሐይ፣
ሰማኒያ ሰው ታድሟል በብረት ወንበር ላይ።
ከቅርጫት ኳስ መረብ፣ ከተሰቀለው ሥር፣
ሰብሳቢዋ ቆመች ከመዶሻዋ ጋር።
እኔ ጸሐፊዋ መዝገቤን ዘርግቼ
እጅ ብቻ ልቆጥር፣ ጆሮዬን ዘግቼ።

ጉዳዩ ድልድይ ነው፤ የጣውላ፣ ያረጀ፣
አምና የመጣ ጎርፍ ወገቡን የፈጀ።
ከማዶ ያለችው ሄስተር ብቻዋን ናት፤
አሮጌ ጎተራ፣ ሦስት ፍየሎች አሏት።
«ለሦስት ፍየል ግብር?» አለ ሉተር ቆሞ፤
«መንግሥት ምን ነው ታዲያ?» አለች ኤድና ደግሞ።

ዌንደል ጥጉን ይዟል፤ ሐኪም ጉሮሮውን
ከቆረጠ ወዲህ ያጣ ንግግሩን፤
ከሄስተር ጋር ደግሞ በአጥር የተነሳ
ሃያ ክረምት ሙሉ ሰላምታ የረሳ።

ሠላሳ ዘጠኝ እጅ ለድልድዩ ዋለ፤
ያንኑ ያህል ደግሞ አሻፈረኝ አለ።
ሄስተር ሁለት እጇን ከኪሷ ቀብራለች፤
ለገዛ ቤቷ ድምፅ ለመስጠት አፍራለች።
ያኔ የዌንደል ክንድ ቀስ እያለ ወጣ፤
ድምፅ ካጣው ጉሮሮ አርባኛው ድምፅ መጣ።

ያጨበጨበ የለም፤ ወንበሩ ታጠፈ፤
ባንዲት እጅ ብልጫ በጀቱ አለፈ።

ሰኔ ላይ ደብዳቤ ግዛቱ ጻፈልን፦
«መንገዱ የናንተ፣ ውኃው የኛ ሲሆን፣
ዓሣው የፌደራል፤ ፈቃድ ጠይቁና
ዘጠና ቀን ቆዩን፣ በታላቅ ትሕትና።»

በሐምሌ ማለዳ ሁለት ጣውላ አየሁ
ወንዙ ላይ ተጋድሞ፤ አናጢውን አወቅሁ።
መዝገቤን ገልጬ ዓምድ ፈላለግሁለት፤
«ደገፈ»፣ «ነቀፈ»፤ ሌላ ዓምድ የለበት።

ከኅዳጉ ላይ፣ በእርሳስ፣ እንዲህ ጻፍኩ፦
ሁለት ጣውላ፣ ስምንት ምስማር።