የማን?

ልዳ፣ ከሐዲዱ ማዶ፣ ሼህ መርዙቅ ጎማ ሲለጥፍ
«አብድ» ይሉት ነበር፣ አብረውት የሚሰግዱት በአንድ ሰልፍ።
ዐረብኛው ሳይገባኝ፣ «እብድ» ያሉት መስሎኝ ከረምኩ።
እሱ ግን ቀና ሳይል ከክሪኩ
«የማን?» ይላል።
ሳቃቸው እዚያው ይቆማል።

ልጁ የወደዳትን ሊያጭለት ሽማግሌ ቢልክ፣
ሻይ አጠጥተው መለሷቸው። ዓርብ ተነሣ ሊሰብክ፣
ከጥፍሩ ሥር የጎማው ጥላሸት ሳይለቅ፦
«ቢላልን የምትወዱት ሚናራው ላይ እስከቆመ ነው፤
ወርዶ ልጃችሁን ሲለምን፣
ያኔ አብድ ነው!»

አስወጡት። ጎሚስታው መስጊድ ሆነና፣
የራሃቱ ጥቁር፣ ስደተኛው ሱዳን፣ እኔም አይሁዱ፣
ጎማ ክምር ላይ ተደርድረን ሰማነው፤
ስንት ያጎነበሰ አንገት ቀና።

ዘንድሮ ሲሞት፣
ያስወጡት ናቸው ቃሬዛውን የተሻሙት።
እኔ ከኋላ ቀረሁ። የተቆለፈው በር ላይ
ድንገት ደጊቱን አስታወስኳት፤

አባቴ ቤት ያደገች፣
ከጎንደር በአንድ አውሮፕላን አብራን የመጣች፣
ስትሞት ከዘመዶቻችን መቃብር ፈቀቅ ተደርጋ የተቀበረች።

«ባርያችን» ነበር የምንላት።

«የማን?» አላለችንም።
«አቤት» ትለን ነበር።