የጉድጓዱ ገመድ

አሸዋው በሌሊት ግድግዳችንን ታኮ፣
ጋንሱ ላይ፣ ጣራችን ይወጣ ነበር እኮ።
አካፋ የያዘ በመስኮት ይወጣል፣
በሩ እንዲከፈት። ሾርባችን ይፈጫል
ከጥርስ ጥርስ መሀል። ሹላን ከልጇ ዓይን
በምላሷ ጫፍ ነው የምትለቅመው ደቃቁን።

በመጋቢት አንድ ቀን ካሚዮን ደረሰ፣
የታሰረ ችግኝ ሜዳው ላይ ፈሰሰ።
ክፍያው በጉድጓድ ነው።
የበረሃውን ቁጥቋጦ ነቅለን ለቦታ፣
እሷ ልጅ አዝላ፣ እኔ ባልዲ ይዤ፣ ከጥዋት እስከ ማታ።

ሠላሳ ዓመት ሄደ።
ፖፕላር የሚሉት ዛፍ ነፋሱን አገደ።
የልጄ ልጅ ዓይኑን አሽቶ አያውቅም፤
ሐብሐባችን ጣፋጭ ነው፤ ይህን አልክድም።
ሹላን ሜዳሊያዋን ምስማር ላይ ሰቀለች፣
ከጉድጓዱ ገመድ ጎን ለጎን አዋለች።

ስለ ገመዱ ነው ልናገር የፈለግሁት፦
ያኔ ስንተክል ውኃውን ያገኘሁት
በስምንት ክንድ ነበር። በራቀ ቁጥር ውኃው
ቀጠልን፣ ቋጠርን፤ ዘንድሮ ሠላሳ አንድ ነው፣
ባልዲውም የያዘው ጭቃ።
"ማን ጠጣው?" አልኳት። ቀና ብላ አየች።
ቅጠሉ ያጨበጭባል። እሷ ዝም አለች።

ባለሙያው መጣ፤ ትሑት ልጅ ነው፣ ወጣት፦
"ከሦስቱ ሁለቱ ይቆረጡ" አላት፣
"በምትኩ ቁጥቋጦ፣ ያንን የበረሃ፤
በልኩ ነው እሱ የሚጠጣው ውኃ።"
ሳቅን። ልጁ ለምን እንደሳቅን አልገባውም።

ቀይ ቀለም ሰጥቷት ሄደ።
ከመሸ ተመለሰች፣ አንዱን ብቻ ቀብታ፦
የመጀመሪያውን፣ ልጇን አዝላ የተከለችውን።
"ከሌላ ከጀመርኩ" አለች፣
"እሱ ላይ አልደርስም።"